የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶች፦ የትኛው ይቅደም፣ የትኛው ይቆይ?

ምህንድስና ለመማር የገባ ወጣት በመጀመሪያው ሴሚስተር ሥነ ልቦና፣ ታሪክና የጽሑፍ ክህሎት ተመድበውለት ሲያይ «እነዚህ ደግሞ ለእኔ ምን ይሠሩልኛል?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። የሚያገኘው መልስ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። መምህራን «አድማስህን ያሰፉልሃል» ይሉታል፤ ሲኒየሮች ደግሞ «ሃንድአውቱን ሸምድድና ተገላገል» ይሉታል። ሁለቱም መልሶች ኮርሶቹን ሁሉ በአንድ ዓይን ያያሉ፤ ስሕተቱ እዚያ ላይ ነው። ከእነዚህ ኮርሶች ጥቂቶቹ ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ የሚመጣውን ትምህርት በሙሉ የሚሸከሙ ናቸው፤ ከዘገዩ ምረቃም ይዘገያል። የቀሩት በየትኛውም ሴሚስተር ቢወሰዱ የሚጎዳ ነገር የለም። የትኛው ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ከየትኛውም የአጠናን ምክር በፊት ይመጣል።

«አጠቃላይ ትምህርት» ውስጥ ምን ይገባል?

የመጀመሪያ ዲግሪ ኮርሶች በጥቅሉ በሦስት ይከፈላሉ። የሜጀር ኮርሶች ተማሪው የሚመረቅበትን ሙያ ያስተምራሉ። የምርጫ ኮርሶች፣ ማለትም ኤሌክቲቭ የሚባሉት፣ ተማሪው በፍላጎቱ የሚሞላቸው ናቸው። ሦስተኛው ክፍል ደግሞ ማንኛውም ተማሪ፣ ወደየትኛውም ዲፓርትመንት ቢገባ፣ ሳያሟላው የማይመረቅበት ነው። አጠቃላይ ትምህርት የሚባለው ይሄኛው ነው፤ በግቢ ቋንቋ «ኮመን ኮርስ» ወይም «የፍሬሽማን ኮርስ» ይሉታል።

መጠኑ ከአገር አገር ይለያያል። በአሜሪካ የባችለር ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ 120 ክሬዲት (የኮርስ መጠን መለኪያ ነው፤ ከታች ይብራራል) ሲሆን ከዚያ ሲሶ ያህሉ ለአጠቃላይ ትምህርት የተመደበ ነው። በብዙ የአውሮፓ አገሮች ተማሪው ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ወደ ሙያው ስለሚገባ ይህ ክፍል ወይ የለም ወይ በጣም ትንሽ ነው። ሰፊውን መሠረት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጨርሶታል ተብሎ ይታሰባል።

አሰጣጡ ሁለት መልክ አለው። በአንደኛው ሁሉም ተማሪ ተመሳሳይ ኮርሶችን ይወስዳል። በሌላው ኮርሶቹ በምድብ ይከፈላሉ፤ ጽሑፍ፣ ሒሳብ፣ የተፈጥሮ ሳይንስ፣ የማኅበራዊ ሳይንስ፣ ሥነ ጥበብና ፍልስፍና ወዘተ. ተብለው ተማሪው ከየምድቡ አንድ ወይም ሁለት ይመርጣል። በኢትዮጵያ ቀርቶ የነበረውና በ2012 ዓ.ም. የተመለሰው የፍሬሽማን መርሐ ግብር ወደ መጀመሪያው ያደላ ነበር። የተፈጥሮና የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች በጥቂት ኮርሶች ቢለያዩም ክሪቲካል ቲንኪንግ፣ ጄኔራል ሳይኮሎጂ፣ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ክህሎት፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊና ታሪክ፣ አንትሮፖሎጂ፣ ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ የመሳሰሉት የጋራ ነበሩ። ሁሉም አንድ ዓይነት በሚወስድበት ሥርዓት ቅደም ተከተሉን የሚወስነው ተቋሙ ነው። በምርጫው ሥርዓት ግን የሚወስነው ተማሪው ራሱ ስለሆነ የሚያጠፋውም ራሱ ነው።

ሐሳቡ ከየት መጣ?

ቻርልስ ኤልየት ከ1869 እስከ 1909 እ.ኤ.አ. የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት በነበሩበት ዘመን ተማሪው ከጥቂቶች በቀር የሚወስደውን ኮርስ ሁሉ ራሱ እንዲመርጥ ፈቅደው ነበር። ነፃነቱ ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን የመግቢያ ኮርሶችን ብቻ ለቃቅሞ፣ በአንዱም ሳይጠልቅ፣ ዲግሪ ይዞ የሚወጣ ተማሪ አበዛ። ተተኪያቸው ሎረንስ ሎውል «በአንድ መስክ ጥለቅ፣ ከሌሎቹም ቅመስ» የሚለውን ሥርዓት አመጡ። ዛሬ ሜጀርና የምድብ ኮርስ የምንለው አከፋፈል የዚያ ልጅ ነው። ኮሎምቢያ ኮሌጅ በ1919 እ.ኤ.አ.፣ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ባበቃ ማግስት፣ ስለ ዘመኑ ሥልጣኔ የሚያስተምር ኮርስ ለጀማሪ ተማሪዎች ሁሉ ግዴታ አደረገ። ሃርቫርድ በ1945 እ.ኤ.አ. ስለ አጠቃላይ ትምህርት ያወጣው ሰነድ ደግሞ ሐሳቡ በሌሎች ኮሌጆች እንዲስፋፋ ረዳ።

ከዚያ ወዲህ ክርክሩ አልቆመም። ሆንግ ኮንግ በ2012 እ.ኤ.አ. የዲግሪ ጊዜን ከሦስት ወደ አራት ዓመት ያራዘመችው ለአጠቃላይ ትምህርት ቦታ ለመስጠት ጭምር ነው። በኢትዮጵያም ፍሬሽማን ቀርቶ የነበረው መሠረቱን የ11ኛና የ12ኛ ክፍል የመሰናዶ ትምህርት ይተካዋል በሚል እሳቤ ነበር። ሲመለስ የዲግሪው ጊዜ ከሦስት ወደ አራት ዓመት ከፍ አለ።

ክሬዲት ሰዓት የሚለካው ምንድን ነው?

ጊዜን ነው። በአሜሪካው ስሌት አንድ ክሬዲት ማለት በሳምንት አንድ የክፍል ሰዓት፣ ማለትም ብዙ ጊዜ 50 ደቂቃ፣ እንዲሁም ቢያንስ ሁለት ሰዓት የግል ጥናት፣ ለ15 ሳምንት ያህል ማለት ነው። ስለዚህ ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ በሳምንት 9 ሰዓት፣ በሴሚስተር 135 ሰዓት ያህል ይጠይቃል። 15 ክሬዲት የተመዘገበ ተማሪ ሳምንታዊ ድርሻው 45 ሰዓት ነው፤ ከሙሉ ጊዜ ሥራ ይበልጣል።

ላብራቶሪ ለብቻው ይሰላል። ሁለት ወይም ሦስት የላብ ሰዓት እንደ አንድ ክሬዲት ስለሚቆጠር ባለ 4 ክሬዲት ባዮሎጂ በፕሮግራም ላይ 6 ሰዓት ሊወስድ ይችላል፤ የላብ ሪፖርት መጻፊያው ደግሞ ከዚያ ውጭ ነው። ክሬዲቱን ብቻ ዓይቶ «ከሒሳብ ጋር እኩል ነው» ብሎ የሚመዘገብ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

(የክሬዲት ሰዓት አመጣጥ ከማስተማር ዘዴ ጋር እምብዛም አይገናኝም። አንድሩ ካርኔጊ ያቋቋሙት ድርጅት ከ1906 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለኮሌጅ መምህራን ጡረታ ለመክፈል ሲነሣ፣ ተቋማቱ የሚቀበሏቸው ተማሪዎች ምን ያህል ሰዓት እንደተማሩ በአንድ መለኪያ እንዲያሳዩ ጠየቀ። መለኪያው ከጡረታው በላይ ዕድሜ አገኘ።)

የአውሮፓው ክሬዲት ሌላ ነው፤ አንድ የትምህርት ዓመት 60 ክሬዲት ሲሆን እያንዳንዱ ከ25 እስከ 30 የሥራ ሰዓት ይይዛል። በአሜሪካ ዓመቱ በተለምዶ 30 ክሬዲት ስለሆነ ሁለት የአውሮፓ ክሬዲት በግምት ከአንድ የአሜሪካ ክሬዲት ጋር ይተካከላል። ዓመቱን በሩብ የሚከፍሉ ተቋማትም አሉ፤ የእነሱ አንድ ክሬዲት የሴሚስተሩ ሁለት ሦስተኛ ነው።

የተለመደው ውድቀት እንዲህ ይመጣል። ተማሪው ፕሮግራሙ ላይ የ15 ሰዓት ክፍል ብቻ ያያል፤ የቀረው ሳምንት ነፃ ይመስለዋል። አራተኛው ሳምንት ድረስ የሚያስጨንቅ ነገር አይመጣም። ከዚያ የሁሉም ኮርስ ሚድ ፈተና በሁለት ሳምንት ውስጥ ተደራርቦ ሲመጣ የተጠራቀመው የግል ጥናት ሰዓት በአንድ ኮርስ 30 እና 40 ይሆናል። ያንን በሁለት ሌሊት መመለስ አይቻልም።

የትኞቹ ይቅደሙ?

ሸማኔ በመጀመሪያ ድሩን ይዘረጋል፤ ማጉ የፈለገውን ቀለም ይዞ ኋላ ይገባል። የጋራ ኮርሶችም ድርና ማግ አላቸው።

ድሩ የክህሎት ኮርሶች ናቸው፦ የጽሑፍና የማስተማሪያ ቋንቋ ኮርሶች፣ ሒሳብ፣ እንዲሁም ለሚመረጠው ሙያ መግቢያ የሆነው ሳይንስ። እነዚህ ፕሪሪኩዚት የሚባል ሰንሰለት አላቸው፤ አንዱን ያላለፈ ሰው ለቀጣዩ መመዝገብ አይችልም። ለምሳሌ ወደ ምህንድስና የሚወስደው መንገድ በብዙ ቦታ ቅድመ ካልኩለስ፣ ካልኩለስ አንድ፣ ካልኩለስ ሁለት፣ ከዚያ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ነው። አራት ኮርስ፣ አራት ሴሚስተር፣ ማሳጠሪያ የለውም። የሁለተኛ ዓመት የሜካኒክስና የሰርኪዩት ኮርሶች ከእነዚህ ጋር ጎን ለጎን ወይም በላያቸው ላይ ይቆማሉ። የመጀመሪያውን ኮርስ «እስክለምድ ይቆይ» ብሎ አንድ ሴሚስተር ያዘገየ ተማሪ ሰንሰለቱን በሙሉ አንድ ሴሚስተር ይገፋዋል። የሚቀጥለው ኮርስ በዓመት አንዴ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ የአንድ ሴሚስተር መዘግየት ዓመት ይሆናል። ወደ ጤና ለሚሄዱም ያው ነው፤ ጄኔራል ኬሚስትሪ አንድና ሁለት፣ ቀጥሎ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ።

ማጉ ታሪክ፣ አንትሮፖሎጂ፣ ሙዚቃ፣ ፍልስፍናና የመሳሰለው ነው። ተማሪው ራሱ ወደዚያ ሙያ ካልገባ በቀር ከኋላቸው የሚጠብቅ ኮርስ የላቸውም። ዋጋቸው ያነሰ አይደለም፤ ቦታቸው ግን ይንቀሳቀሳል። ይህ መንቀሳቀስ ትልቅ መሣሪያ ነው። ካልኩለስና ኬሚስትሪ በተገናኙበት ሴሚስተር የሚያመዛዝን ቀለል ያለ ኮርስ ይፈለጋል፤ ሁሉንም የጋራ ኮርስ በአንደኛ ዓመት የጨረሰ ተማሪ በሦስተኛ ዓመት አራት ከባድ የሜጀር ኮርሶችን ያለ ማረፊያ ይጋፈጣል። በተቃራኒው ሦስት ድርሰት የሚያጽፉ ኮርሶችን በአንድ ሴሚስተር መደርደርም ብልኅነት አይደለም፤ የማስረከቢያ ቀናቸው እጅግ ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ሳምንት ላይ ይጋጫል።

አሠራሩ ቀላል ነው። የዲፓርትመንቱን የኮርስ ዝርዝር ይዞ ከመጨረሻው ዓመት ወደ ኋላ መሄድ፤ የሌላ ኮርስ ቅድመ ሁኔታ የሆነውን ሁሉ ማክበብ፤ ከተከበቡት ውስጥ ረጅሙን ሰንሰለት መቁጠር። የዚያ ሰንሰለት የመጀመሪያ ኮርስ በመጀመሪያው ሴሚስተር ይገባል። ሌላው በዙሪያው ይሞላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ብዙ ተቋማት ቅድመ ሁኔታ በሆነ ኮርስ ላይ ቢያንስ ሲ ይጠይቃሉ። ዲ ያመጣ ተማሪ ኮርሱን አልፏል፣ ክሬዲቱም ይቆጠርለታል፤ ቀጣዩ በር ግን አይከፈትለትም።

ስሙ አንድ ከሆነ ኮርሱም አንድ ነው?

አይደለም፤ እዚህ ላይ የሚባክነው ጊዜ ብዙ ነው። አንድ ትምህርት ሁለት መግቢያ ሊኖረው ይችላል፤ አንዱ ለሙያው ተማሪ፣ ሌላው ለሌላው ሰው ሁሉ። ሁለቱም የአጠቃላይ ትምህርትን ግዴታ ያሟላሉ። ለሌሎች የተዘጋጀው ባዮሎጂ ግን ለሚቀጥለው የባዮሎጂ ኮርስ ቅድመ ሁኔታ ሆኖ አያገለግልም። ፊዚክስም እንዲሁ በአልጀብራ ብቻ የሚሰጥና በካልኩለስ የሚሰጥ ሁለት መልክ አለው፤ ኢንጂነሪንግ የሚቀበለው ሁለተኛውን ነው። «መግቢያ» የሚለውን ስም ብቻ ዓይቶ ቀላሉን የመረጠ ተማሪ ኮርሱን በኤ አልፎ እንደገና ከዜሮ ሊጀምር ይችላል።

የኮርስ ቁጥሩ ፍንጭ ይሰጣል። በብዙ ተቋማት ከ100 የሚጀምሩት የመግቢያ፣ ከ200 የሚጀምሩት የሁለተኛ ዓመት ሲሆኑ ከ300 እና ከ400 የሚጀምሩት የበሰሉ ናቸው። ከ100 በታች የሆነ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የማጠናከሪያ ኮርስ ነው፤ ይከፈልበታል፣ ጊዜ ይወስዳል፣ ወደ ዲግሪው ግን አይቆጠርም።

ሒሳብ ለብቻው ይነገር። ብዙ ተማሪዎች «የኮሌጅ አልጀብራ» የሚባለውን ሳያስቡበት ይወስዱታል። ይህ ኮርስ የተቀረፀው ወደ ካልኩለስ ለማሻገር ነው፤ ይዘቱ ፈንክሽን፣ ፖሊኖሚያል፣ ሎጋሪዝም ነው። ካልኩለስ ወደማይጠይቅ ሙያ የሚሄድ ተማሪ፣ ለምሳሌ ሶሲዮሎጂ፣ ጋዜጠኝነት፣ ሕግ፣ ከዚህ ይልቅ ስታትስቲክስ ቢወስድ ይሻለዋል፤ ናሙና፣ አማካይ፣ የስሕተት ወሰን በየጥናቱ ይገጥሙታል። ኢኮኖሚክስን የሚያስብ ግን ይጠንቀቅ፤ ስሙ ማኅበራዊ ሳይንስ ቢሆንም ካልኩለስ ይፈልጋል።

የጽሑፍ ኮርስ ሰዋስው ነው እንዴ?

በጥቂቱ ብቻ። የኮሌጅ የጽሑፍ ኮርስ ዋና ሥራ ተማሪው ሊሞገት የሚችል ሐሳብ ይዞ፣ ማስረጃ ደርድሮ፣ ለተቃራኒው ሐሳብ መልስ ሰጥቶ እንዲጽፍ ማድረግ ነው። «ትምህርት ለአገር ዕድገት ጠቃሚ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር መከራከሪያ አይሆንም፤ የሚቃወመው ሰው የለምና። «ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያውን ሚድ ፈተና በአራተኛው ሳምንት ቢያደርጉት የሚወድቁ ተማሪዎች ይቀንሳሉ» ቢባል ግን የሚከራከር ይመጣል፤ ጸሐፊውም ማስረጃ መፈለግ ይኖርበታል።

ጀማሪዎች ነጥብ የሚያጡባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ። የመጀመሪያው መነሻ አንቀጽ ነው፦ ከሰው ልጅ ታሪክ ጀምሮ ግማሽ ገጽ ይሄዳል፤ ርዕሱ የሚገኘው ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው። ሁለተኛው ጥቅስ ነው፦ የሌላ ሰው ሐሳብ ገብቶ ከተነሣው ነጥብ ጋር ሳይያያዝ ይቀመጣል። ሦስተኛውና ከባዱ ምንጭ አለመጥቀስ ነው። ብዙዎች ቃል በቃል መቅዳት ብቻ ጥፋት ይመስላቸዋል፤ የሌላውን ሐሳብ በራስ ቃል አዙሮ ምንጩን አለመናገርም እኩል የሚያስቀጣ ነው። አብዛኛው ጥፋት የሚጀምረው ማስታወሻ ሲያዝ ነው፤ ከመጽሐፍ የተገለበጠው ያለ ትእምርተ ጥቅስና ያለ ገጽ ቁጥር ከራስ ሐሳብ ጋር ይቀላቀላል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ባለቤቱ ራሱ መለየት ያቅተዋል።

ይህ ኮርስ በአንደኛ ዓመት መወሰድ ያለበት ለዚህ ነው። የላብ ሪፖርቱም፣ የታሪክ አሳይመንቱም፣ የመመረቂያ ጽሑፉም የሚታረመው በዚሁ ሚዛን ነው። በአራተኛ ዓመት የሚወስደው ተማሪ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳይማር ሲፈተንበት ኖሯል ማለት ነው።

የቀሩት ኮርሶችስ ምን ያስቀራሉ?

ከእያንዳንዱ አንድ የአስተሳሰብ መሣሪያ ይወጣል፤ ዝርዝሩ ቢረሳ መሣሪያው ይቀራል። ክሪቲካል ቲንኪንግ የአንድ ክርክር አካሄድ ትክክል መሆኑንና መነሻው እውነት መሆኑን ለየብቻ እንድንመረምር ያስተምራል። «ወፎች ሁሉ ይበራሉ፤ ሰጎን ወፍ ናት፤ ስለዚህ ሰጎን ትበራለች» በሚለው ውስጥ አካሄዱ እንከን የለውም፤ የተበላሸው መነሻው ነው። ሥነ ልቦና ሁለት ነገሮች አብረው ስለሄዱ ብቻ አንዱ ሌላውን አመጣው እንዳይባል፣ ሰዎችን በዕጣ በቡድን መመደብም ለምን እንደሚያስፈልግ ያሳያል። ታሪክ በዘመኑ የተጻፈን ምንጭ ኋላ ከተጻፈ ትንታኔ ይለያል። አንትሮፖሎጂ የሌላውን ማኅበረሰብ ልማድ ከመፍረድ በፊት በውስጡ ያለውን ሥራ መጠየቅን ያለማምዳል። ኢኮኖሚክስ የአንድ ምርጫ ዋጋ የተተወው ሌላ ምርጫ መሆኑን ያስታውሳል።

ሲላበስ እንዴት ይነበባል?

በመጀመሪያው ሳምንት የሚታደለው የኮርስ መግለጫ ላይ አብዛኛው ተማሪ የፈተና ቀን ብቻ ያያል። ቀድሞ መታየት ያለበት የነጥብ ክፍፍሉ ነው። ክፍፍሉ ኩዊዝ 10፣ አሳይመንት 20፣ ሚድ 30፣ ፋይናል 40 ነው እንበል። ተማሪው ከፋይናል በፊት 7፣ 15 እና 17 ካገኘ ከ60ው 39 ይዟል። በድምሩ 75 ለማግኘት ፋይናሉን ከ40ው 36፣ ማለትም 90 በመቶ መሥራት አለበት፤ 60 ይበቃኛል ካለ ግን 21 ይበቃዋል። ይህን ስሌት ከፋይናል በፊት የሠራ ሰው ጥናቱን ለየትኛው ኮርስ እንደሚያውል ያውቃል።

ቀጥሎ የሚታየው ቅጣቱ ነው፦ ዘግይቶ የገባ ሥራ በቀን ስንት ይቀነስበታል? ስንት ቀን መቅረት ከፋይናል ያግዳል? ያመለጠ ኩዊዝ ይተካል ወይስ አይተካም? በመጨረሻም የመምህሩ የቢሮ ሰዓት። ይህ ሰዓት ለተቸገረ ብቻ የተመደበ አይደለም፤ ከሚድ በኋላ የፈተና ወረቀትን ይዞ «የት ላይ ነው የሳትኩት?» ብሎ መጠየቂያ ነው።

ጂፒኤ ላይ የጋራ ኮርስ ምን ያህል ይመዝናል?

ጂፒኤ የውጤቶች አማካይ ነው፦ የእያንዳንዱ ኮርስ የውጤት ነጥብ በክሬዲቱ ይባዛል፣ ይደመራል፣ ለጠቅላላው ክሬዲት ይካፈላል። ኤ 4፣ ቢ 3፣ ሲ 2፣ ዲ 1፣ ኤፍ 0 በሆነበት ስሌት ይህን እንመልከት፦ የጽሑፍ ኮርስ 3 ክሬዲት ቢ (9)፣ ሒሳብ 4 ክሬዲት ሲ (8)፣ ሥነ ልቦና 3 ክሬዲት ኤ (12)፣ ታሪክ 3 ክሬዲት ኤ (12)፣ የሰውነት ማጎልመሻ 1 ክሬዲት ኤ (4)። ድምሩ 45 ነጥብ፣ 14 ክሬዲት፤ ጂፒኤው 3.21 ነው። ሒሳቡ ከሲ ወደ ቢ ቢወጣ 3.50 ይሆናል። ሰውነት ማጎልመሻው ከኤ ወደ ቢ ቢወርድ ግን 3.14 ነው። በአንድ ደረጃ ለውጥ ውስጥ ያለው ልዩነት ከክሬዲቱ የመጣ ነው።

የአንደኛ ዓመት ውጤት ከባድ የሚሆነው ግን በሌላ ምክንያት ነው። 30 ክሬዲት በ2.0 የጨረሰ ተማሪ 60 ነጥብ ይዟል። በ120 ክሬዲት 3.0 ሆኖ ለመመረቅ 360 ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ የቀረውን 90 ክሬዲት በአማካይ በ3.33 መጨረስ አለበት፤ ያውም የሜጀር ኮርሶች እየከበዱ በሚሄዱበት ጊዜ። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎችም ተማሪ ወደ ዲፓርትመንት ሲመደብ ከመመዘኛዎቹ አንዱ የአንደኛ ዓመት ውጤት ነው። «ኮመን ኮርስ ነው» ተብሎ የተናቀው አንትሮፖሎጂ የኮምፒውተር ሳይንስን ወንበር ሊያሳጣ ይችላል።

ኮርሱ ቢከብድ መውጣት ይቻላል?

መቼ እንደሆነ ይወስነዋል። በመጀመሪያው ሳምንት ወይም ሁለት የአድና ድሮፕ (ኮርስ የመጨመሪያና የመተዊያ) ጊዜ አለ፤ በዚያ ውስጥ የወጣ ኮርስ በትራንስክሪፕት ላይ ምልክት አይተውም። ከዚያ በኋላ እስከ ተወሰነ ቀን ድረስ ዊዝድሮ ይባላል፤ «ደብሊው» ይጻፋል፣ ጂፒኤ አይነካም፣ ክሬዲቱ ግን አይገኝም፤ ከሚፈለገው መጠን በታች ክሬዲት የቀረው ተማሪም የሙሉ ጊዜ ተማሪነቱን ወይም ድጋፉን ሊያጣ ይችላል። ቀኑ ካለፈ የሚቀረው የሠሩትን ውጤት መቀበል ነው። ከሁሉም የከፋው ሳያሳውቁ መቅረት ነው፤ ሬጅስትራር ከክፍል የጠፋውን ተማሪ እንደወጣ አይቆጥረውም፣ ውጤቱ ኤፍ ይሆናል።

ኢንኮምፕሊት ሌላ ነገር ነው። አብዛኛውን ሥራ ጨርሶ በሕመም ወይም በድንገተኛ ችግር የመጨረሻው ጥቂት ለቀረበት ሰው የሚሰጥ ነው። የጊዜ ገደብ አለው፤ ካለፈ በብዙ ቦታ በራሱ ወደ ኤፍ ይለወጣል። ኮርስ ሲደገም ደግሞ አንዳንድ ተቋማት አሮጌውን ውጤት በአዲሱ ይተካሉ፣ አንዳንዶቹ ሁለቱንም ያሰላሉ፤ ከመድገም በፊት ይህን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ጎበዝ የነበረ ተማሪ ለምን ይወድቃል?

የመግቢያ ኮርሶች በትልልቅ አዳራሽ ስለሚሰጡና ፈተናቸው ጥቂት ስለሆነ ተማሪው አለመረዳቱን የሚያውቀው ሚዱ ከተመለሰ በኋላ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ሳምንታዊ ኩዊዝና የቤት ሥራ ይነግሩት ነበር። አሁን ከራሱ በቀር የሚፈትነው የለም።

የሚያታልለው ደግሞ ደጋግሞ ማንበብ ነው። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኬ በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የኮሌጅ ተማሪዎች አጭር ጽሑፍ ካነበቡ በኋላ አንዱ ቡድን ደግሞ አነበበ፤ ሌላው ጽሑፉን ዘግቶ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን ዘግተው የጻፉት በግልጽ በልጠው ተገኙ። ለፈተና ዋዜማ ሌሊቱን ያነበበ ተማሪ «ገብቶኝ ነበር፣ ጠፋብኝ» የሚለው ውሸቱን አይደለም። ከሌክቸር በኋላ በዚያው ቀን ደብተር ዘግቶ በባዶ ወረቀት ላይ ዋናውን ነጥብ መጻፍ፣ ከዚያ የጎደለውን ከፍቶ ማየት ሃያ ደቂቃ ይፈጃል፤ ስታትስቲክስና ካልኩለስ ላይ ደግሞ የተሠራን ምሳሌ ከማየት ይልቅ ሸፍኖ እንደገና መሥራት ነው።

ወደ ሌላ ተቋም ስዛወር ይቆጠርልኛል?

ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው አዲሱ ተቋም ክሬዲቱን ይቀበላል ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው ለየትኛው ግዴታ ይቆጥረዋል የሚል ነው። «60 ክሬዲት ተቀብለንሃል» የተባለ ተማሪ 20ው በባዶ የምርጫ ኮርስ ቦታ ተቀምጦ የጽሑፍና የሳይንስ ግዴታውን እንደገና ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ከመዛወር በፊት የሚጠየቀው ከኮርስ ወደ ኮርስ የተዘረዘረ የአቻነት ወረቀት ነው። ከሲ በታች የሆነ ውጤት ብዙ ጊዜ አይዛወርም፤ ክሬዲቱ ቢዛወርም ጂፒኤው ራሱ ብዙውን ጊዜ አብሮ አይሄድም።

መዝለልም ይቻላል። የምደባ ፈተና ወይም የማስለቀቂያ ፈተና ያለፈ ተማሪ የመግቢያውን ኮርስ ትቶ ከቀጣዩ ይጀምራል። ለታሪክና ለሥነ ልቦና ጥሩ ነው። ሒሳብ ላይ ግን አስቦበት መሆን አለበት፤ ከሁለት ዓመት በፊት የተማረውን ካልኩለስ አንድ ዘሎ በቀጥታ ሁለት የገባ ተማሪ የሚታገለው የኢንተግራል ዘዴዎችን ብቻ አይሆንም፤ የረሳውን አልጀብራም ጭምር ነው።

የወሰዷቸውን ኮርሶች ሲላበስ ሁሉ በፋይል ማስቀመጥ ያስፈልጋል። የትራንስክሪፕቱ ላይ የሚታየው ስምና ቁጥር ብቻ ነው፤ አቻነት የሚወስነው ዲፓርትመንት የሚጠይቀው ግን ሳምንታዊውን ይዘት፣ የመጽሐፉን ስምና የላብ ሰዓቱን ነው። ኮርሱ ከተዘጋ ወይም መምህሩ ከለቀቀ ያንን ወረቀት ከሬጅስትራር ማግኘት አስቸጋሪ ይሆናል።